ሲያትል ከስድስት ወሩ ኤግዚቢሽን ምን ቀራት?

ሲያትልን በፎቶ ያየ ሁሉ ያንን ቀጭን ረጅም ማማ ያውቀዋል። ስፔስ ኒድል ነው። የተሠራው በ1962 በከተማዋ ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን ነበር። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚያ ኤግዚቢሽን የሚወራው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሲያትል ዳር ላይ የተረሳች ከተማ ነበረች፤ ኤግዚቢሽኑ መጣ፤ ዓለም አወቃት፤ ከዚያ ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ አማዞን።

ደስ የሚል ታሪክ ነው። የሕዝብ ቆጠራው ግን አይደግፈውም። በ1960 ሲያትል 557,087 ነዋሪ ነበራት። በ1970 ቁጥሩ 530,831 ሆነ። በ1980 ደግሞ 493,846። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ሰው ከተማዋን እየለቀቀ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ኤግዚቢሽኑ ከንቱ ነበር? አይደለም። እንዲያውም አሜሪካ ካዘጋጀቻቸው የዓለም ኤግዚቢሽኖች (ኤክስፖዎች) ውስጥ ተሳክቶላቸዋል ከሚባሉት አንዱ ነው። ጥቅሙ ግን አዘጋጆቹ በጮኹለት በኩል አልመጣም። ብዙ ዘግይቶ ነው የመጣው። የመጣበትም ምክንያት ገና በሩ ሳይከፈት የተወሰኑ ጥቂት ውሳኔዎች ናቸው።

ነገሩ የታሪክ ወሬ ብቻ አይደለም። የጃፓኗ ኦሳካ ኤክስፖዋን የዘጋችው በኦክቶበር 2025 ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ሪያድ ደግሞ ለ2030 እየተዘጋጀች ነው። በያዙት በጀት ልክ የሚሰጡት ተስፋም ትልቅ ነው፤ ቱሪስት ይጎርፋል፣ ሥራ ይፈጠራል፣ ኢኮኖሚው ይለወጣል። ይህ ተስፋ የት ላይ እውነት እንደሚሆን፣ የት ላይ ወሬ ሆኖ እንደሚቀር ለማየት ስድሳ ዓመት ያለፈው ኤክስፖ ይሻላል። ሲያትል ለዚህ ጥሩ ናት።

የቦይንግ ከተማ

በ1950ዎቹ ሲያትል ማለት ቦይንግ ማለት ነበር። ቦይንግ ትእዛዝ ሲጎርፍለት ከተማው ይጠግባል። ትእዛዙ ሲቀንስ ከተማው ሁሉ ቀበቶውን ያጠብቃል። መሀል ከተማው ደግሞ የራሱ ችግር ነበረበት። ሰው መኪና እየገዛ ወደ ዳር ይወጣ ጀመር፤ ገበያውም ተከተለው። ኖርዝጌት የሚባለው የገበያ ማዕከል በ1950 በሰሜን በኩል ሲከፈት የመሀል ከተማ ነጋዴዎች ደነገጡ። የዚያ የገበያ ማዕከል አርክቴክት ጆን ግራሃም ነበር። ይህን ስም እንያዘው፤ ተመልሶ ይመጣል።

የኤግዚቢሽኑ ሐሳብ የተነሳው በ1955 ነው። ያነሳው የከተማው ምክር ቤት አባል የነበረው አል ሮቸስተር ነው። ሲያትል ከዚያ በፊት በ1909 አንድ ኤግዚቢሽን አዘጋጅታ ነበር፤ የአላስካ፣ የዩኮንና የፓሲፊክ ኤግዚቢሽን ይባል ነበር። ሮቸስተር በልጅነቱ እዚያ ሠርቷል። ሃምሳኛ ዓመቱን በሌላ ኤግዚቢሽን እናክብር አለ። መጀመሪያ የታሰበው ለ1959 ነበር፤ ሳይደርስ ቀረና ወደ 1962 ተገፋ።

የ1909ኙን ዘለል አድርገን አንለፈው። የተካሄደው እዚያው ሲያትል ባለው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው። በጊዜው ግቢው ባብዛኛው ጫካ ነበር። ኤግዚቢሽኑ ጫካውን መነጠረ፣ መንገድ አወጣ፣ ውኃ ዘረጋ፣ ሕንፃ ሠራ። ሲያልቅ ሁሉም ለዩኒቨርሲቲው ቀረ። ዛሬ ፀሐይ ሲወጣ ተማሪዎች ከብበው ፎቶ የሚነሱበት ፏፏቴ፣ ከጀርባው የሬኒየር ተራራ የሚታይበት ሰፊ ጎዳና፣ የዚያ ኤግዚቢሽን ቅርስ ነው። የሲያትል ሰዎች እንግዲህ ኤግዚቢሽን አልቆ የሚቀር ነገር ሊኖረው እንደሚችል በዓይናቸው አይተውታል። ሁለተኛውን ሲያስቡ መጀመሪያ የጠየቁት "ሲያልቅ ምን ይሆናል?" ብለው ነው።

መልሳቸው የከተማ ማዕከል የሚል ነበር። ቲያትር ቤት፣ የስፖርት አዳራሽ፣ የሕዝብ መናፈሻ፤ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ ለመሀል ከተማው ቅርብ። ኤግዚቢሽኑን ለዚህ ማዕከል ማሠሪያ ሰበብ አደረጉት። መራጩ ሕዝብ በ1956 የ7.5 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ አጸደቀ። ክፍለ ሀገሩ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ በቀጣዩ ዓመት ሌላ 7.5 ሚሊዮን ጨመረ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መጀመሪያ ለዘለቄታው የሚፈለገው ነገር ታወቀ፤ ድግሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አብዛኞቹ ከተሞች ድግሱን ይደግሱና ትርፍራፊውን ምን እንደሚያደርጉት ያስባሉ።

ሦስት ኪስ

ገንዘቡ የወጣው ከሦስት ኪስ ነው። የመጀመሪያው አሁን የጠቀስኩት የከተማውና የክፍለ ሀገሩ ቦንድ ነው።

ሁለተኛው የፌዴራል መንግሥት ነው። እዚህ ላይ ዕድልም ረድቷቸዋል። በኦክቶበር 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን አመጠቀች። አሜሪካ ተሸበረች። ሳይንስ ሳይንስ የማይል ባለሥልጣን ጠፋ። ሲያትሎች ወዲያው ነቁና ኤግዚቢሽኑን የሳይንስና የጠፈር ኤግዚቢሽን አደረጉት። የዋሽንግተን ስቴቱ ሴናተር ዋረን ማግነሰን ኮንግረሱን አሳመነ፤ ወደ 9 ሚሊዮን ዶላር ተለቀቀ። በእሱ የተሠራው የሳይንስ ፓቪሊዮን (የማሳያ ሕንፃ) ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ፓሲፊክ ሳይንስ ሴንተር ሆኖ ቀጠለ። የነደፈው ሲያትል የተወለደው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው። የዚያ ሕንፃ ነጫጭ ቀጫጭን ቅስቶች የተመለከተ ሰው በኋላ ኒው ዮርክ ላይ የሠራቸውን ሁለት መንትያ ሕንፃዎች ያስታውሳል።

ሦስተኛው ኪስ የግል ባለሀብቱ ነው። የስፔስ ኒድል ታሪክ እዚህ ይገባል፤ ትንሽ ቆም ብለን ብናየው አይከፋም።

የኤግዚቢሽኑን ኮሚሽን የሚመራው ኤዲ ካርልሰን የሆቴል ሰው ነበር። ዌስተርን ሆቴልስ የሚባለው ድርጅት ኃላፊ ነው፤ ዛሬ ዌስቲን የምንለው። ጀርመን ሽቱትጋርት ሄዶ የቴሌቪዥን ማማ ላይ ያለ ምግብ ቤት ያያል። የእኛም ኤግዚቢሽን እንዲህ ያለ ነገር ይፈልጋል ብሎ በእጁ ሞነጫጨረው። ንድፉ ወደ ጆን ግራሃም ቢሮ ሄደ። አዎ፣ ያ ኖርዝጌትን የሠራው ሰው። ሸማቹን ከመሀል ከተማ ያስወጣው አርክቴክት አሁን ሕዝቡን የሚመልስ ማማ እንዲሠራ ተጠራ።

መንግሥት ግን ለማማው ገንዘብ የለኝም አለ። ስለዚህ አምስት ባለሀብቶች ተሰባስበው፣ ግራሃምም አንዱ ሆኖ፣ ኩባንያ አቋቋሙ። መሬት ያስፈልጋቸዋል፤ ኤግዚቢሽኑ ግቢ ውስጥ ደግሞ የግል መሬት የለም። ተፈልጎ ተፈልጎ የከተማው የእሳትና የፖሊስ ማንቂያ መሣሪያ የነበረበት ትንሽ ቁራሽ ተገኘ። በሁለቱም በኩል 120 ጫማ፣ ወደ 37 ሜትር ገደማ። በ75,000 ዶላር ገዙት። ቁፋሮው በኤፕሪል 1961 ተጀመረ። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አንድ ዓመት ነው የቀረው! ያም ሆኖ 184 ሜትሩ ማማ ደረሰ። ወጪው 4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አሳንሰሩ በአንድ ዶላር ያወጣ ነበር፤ በቀን ወደ 20,000 ሰው ይሳፈርበት ነበር።

ዛሬም ማማው የግል ነው። በ2018 የተጠናቀቀውን 100 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ እድሳት የከፈሉት ባለቤቶቹ ናቸው። የከተማዋ መለያ የሆነው ሕንፃ የከተማዋ አይደለም። ይህን ለጎብኚ ስነግረው የሚደነግጥ አለ። እኔ ግን ብዙም አይከፋኝም። ማማው ቢከስር ኖሮ የሚከስሩት አምስቱ ሰዎች ናቸው። ግብር ከፋዩ አደጋውን አልተሸከመም። በሌሎች ኤክስፖዎች ሕዝቡ ማማውንም ዕዳውንም ይወርሳል።

ሞኖሬሉም እንዲሁ ነው። ከመሀል ከተማ እስከ ኤግዚቢሽኑ በር ድረስ የሚሄደውን አንድ ማይል የማይሞላ ባቡር አልቬግ የሚባል ኩባንያ በራሱ ወጪ ሠራው። ትርፉ ማስታወቂያ ነበር፤ ሌሎች ከተሞች አይተው ይገዙኛል የሚል ተስፋ። በስድስቱ ወር ብቻ 8 ሚሊዮን ጊዜ ሰው ተሳፈረበት። ከተማው በ1965 በ600,000 ዶላር ገዛው።

ቤታቸው የፈረሰባቸው

ግቢው 74 ኤከር፣ ወደ 30 ሄክታር ገደማ ነው። ባዶ መሬት አልነበረም። ከፊሉ ላይ የከተማው የቆዩ ሕንፃዎች ነበሩ፤ የ1928ቱ አዳራሽና የጦር መሣሪያ ቤቱ። የቀረው ላይ ሰው ይኖር ነበር። የእንጨት ቤቶች፣ ትናንሽ አፓርታማዎች፣ ሱቆች፣ ዋረን አቬኑ የሚባል የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት። ማዘጋጃ ቤቱ ለሕዝብ ጥቅም በሚለው ሕግ ቦታውን ወሰደ። ካሳ ተከፈለ። ቤቶቹ ፈረሱ። ትምህርት ቤቱም ፈረሰ፤ እሱ በነበረበት ላይ ትልቁ የስፖርት አዳራሽ ቆመ።

ስለ ኤግዚቢሽኑ በሚጻፈው ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ሰፈሩ "ያረጀ" ነበር ይባልና ያልቃል። ያረጀ ሰፈር ማለት ግን ኪራዩ የሚቀመስ ሰፈር ማለት ነው። በመሀል ከተማ አጠገብ ርካሽ ቤት የነበራቸው ሰዎች ወጡ፤ ያ ዓይነት ቤት ደግሞ እዚያ አካባቢ ተመልሶ አልተሠራም። የኤግዚቢሽኑ ሒሳብ ሲሠራ ይህ ወጪ የትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ስድስቱ ወር

ኤፕሪል 21 ቀን 1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከፍሎሪዳ ሆኖ በስልክ መስመር ከፈተው። ኦክቶበር 21 ተዘጋ። ኬኔዲ መዝጊያው ላይ ይገኛል ተብሎ ነበር፤ ጉንፋን ይዞታል ተብሎ ቀረ። ጉንፋኑ የኩባ ሚሳኤል ነበር፤ ጉዳዩ በማግስቱ ነው የታወቀው።

ከ9.6 ሚሊዮን በላይ ሰው ገባ። ኤልቪስ ፕሪስሊ መጥቶ ፊልም ሠራ። አሜሪካኖች የቤልጂየም ዋፍል የሚሉትን ነገር የቀመሱት እዚያ ነው። ሆቴሎች ሞሉ። በአውሮራ ጎዳና ዳር ለመኪና ተጓዥ የሚሆኑ ሞቴሎች ተሠሩ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ፤ ዝናቸው ግን ሌላ ሆኗል። አዘጋጁ ድርጅት ዕዳውን ከፍሎ ትንሽ ትርፍ ይዞ ወጣ። ይህ በኤክስፖ ዓለም ብርቅ ነው።

ይሁን እንጂ ስድስት ወር ስድስት ወር ነው። ኖቬምበር ላይ ጎብኚው የለም። የከተማዋ እንጀራ ከየት እንደሚመጣ ማየት የፈለገ ከግቢው ወጥቶ ሬንተን ይሂድ። ሬንተን ከሲያትል ጎን ያለች ከተማ ናት፤ የቦይንግ ፋብሪካ አለባት። በዚያው በ1962 ማብቂያ ላይ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያዎቹን ጄቶች፣ ሁለት ቦይንግ 720ቢ፣ የተረከበው ከዚያ ነው። የልደታው ሜዳ ለጄት አይሆንም ነበርና ቦሌ ተሠራ። ሲያትል ውስጥ ሰው ዋፍል ለመብላት ሲሰለፍ ደሞዝ የሚከፍለው ግን እንዲህ ያለው ሽያጭ ነበር።

መብራቱን አጥፉ

ቦይንግ በ1960ዎቹ ውስጥ አደገ፣ አደገ፣ ከመጠን በላይ አደገ። በ1967 አካባቢ በሲያትል ዙሪያ ብቻ ከ100,000 በላይ ሠራተኛ ነበረው። ከዚያ አየር መንገዶች ትእዛዝ አቆሙ። የጠፈር በጀት ተቆረጠ። በማርች 1971 ኮንግረሱ ከድምፅ ለሚፈጥነው አውሮፕላን የሚሰጠውን ገንዘብ ከለከለ። በኤፕሪል የቦይንግ ሠራተኛ ከ39,000 በታች ወርዶ ነበር። ከአሥር ሠራተኛ ስድስቱ ተባረረ ማለት ነው። በአየር ማረፊያው አቅራቢያ ሁለት የቤት ደላሎች አንድ ትልቅ ሰሌዳ ሰቀሉ፤ ከሲያትል የሚወጣው የመጨረሻ ሰው መብራቱን ያጥፋ የሚል። ለቀልድ ነበር። ያሳቀው ግን ጥቂቱን ነው።

ኤግዚቢሽኑ ከተዘጋ ገና ዘጠኝ ዓመት አልሞላውም። ማማው ቆሟል፣ ሞኖሬሉ ይሄዳል፣ ሥራ የለም። ኤክስፖ ኢኮኖሚን ይለውጣል ለሚል ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ከተማዋ ከአንድ ድርጅት ጥገኝነት አልተላቀቀችም። በኤግዚቢሽኑ ላይ ስለ ሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ሲሰበክ የነበረውም ሳይንስ አዲስ ኢንዱስትሪ አልወለደም። ማይክሮሶፍት በ1979 ወደ ሲያትል አካባቢ የመጣው ቢል ጌትስና ፖል አለን የዚያ ልጆች ስለሆኑ ነው። አገራቸው ናፈቃቸው፤ ባለሙያ ለመቅጠርም ይሻል ነበር። ኤግዚቢሽኑ ያመጣቸው አይደሉም።

ሞኖሬሉ ደግሞ የከሸፈ ተስፋ ሆነ። ሕዝቡ የነገውን ባቡር ተሳፈረበት፣ ወደደው፣ ከዚያ በ1968ና በ1970 የከተማ ባቡር ግብር ሲጠየቅ በቂ ድምፅ አልሰጠም። ተመድቦ የነበረው የፌዴራል ገንዘብ ወደ አትላንታ ሄደ። ከ1997 ጀምሮ ሞኖሬሉን ለማስረዘም የተደረገው ዘመቻ በ2005 በምርጫ ተቀበረ። የከተማ ባቡር ሥራ የጀመረው በ2009 ነው። ኤግዚቢሽኑ ከተካሄደ 47 ዓመት በኋላ!

መሬቱ

እንግዲህ ምን ቀረ? እኔ ሳየው ዋናው የቀረው ነገር መሬቱ ነው። 74 ኤከር፣ ከመሀል ከተማው አፍንጫ ሥር፣ በሕዝብ እጅ። ሲያትል ሴንተር ተባለ።

መጀመሪያ የታየው ፍሬ ኪነ ጥበብ ነበር። የድሮው አዳራሽ ለኤግዚቢሽኑ ታድሶ ኦፔራ ቤት ሆኖ ነበር። አዳራሽ ካለ ባለሙያ ይሰበሰባል። በ1963 የሲያትል ሬፐርቶሪ ቲያትር ተመሠረተ፤ የሲያትል ኦፔራም በዚያው ዓመት። ባሌው በ1972 ተከተለ። የመብራት ማጥፊያው ሰሌዳ በተሰቀለበት በ1971 በዚሁ ግቢ የከተማ የሙዚቃ ፌስቲቫል ተጀመረ። የተቸገረች ከተማ የምትሰበሰብበት ቦታ ነበራት። ይህን በዶላር መተመን ይከብዳል። ግን ከሥራ የተባረረ መሐንዲስ ከተማዋን ላለመልቀቅ ምክንያት ሲፈልግ ይህም አንዱ እንደነበር እገምታለሁ።

ትምህርት ቤቱ ፈርሶ የተሠራው የስፖርት አዳራሽ በ1967 ለከተማዋ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሶኒክስ ቤት ሆነ። ቡድኑ በ2008 አዳራሹ አይመጥነኝም ብሎ ወደ ኦክላሆማ ሲቲ ሄደ፤ ኮንትራቱን ስላፈረሰ ለከተማው 45 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። የሲያትል ሰው ቁስሉ አልሻረም፤ ታክሲ ውስጥ ርዕሱን አንሱና ሞክሩት። ከዚያ የሆነው ግን ይገርማል። የግል ኩባንያ መጥቶ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። ጣሪያው ቅርስ ስለሆነ አይነካም ተባለ። እና ወደ 20,000 ቶን የሚመዝነውን ጣሪያ በአየር ላይ ደግፈው ይዘው ከሥሩ አዲስ አዳራሽ ቆፈሩ። በ2021 ክላይሜት ፕሌጅ አሬና በሚል ስም ተከፈተ። ሕንፃውም መሬቱም የከተማው ነው፤ ኩባንያው ተከራይ ነው።

አካሄዱ ሁሌም ይኸው ነው። ፖል አለን ሀብታም ሲሆን ሙዚየሙን በ2000 የከፈተው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ሞኖሬሉ ሕንፃውን ሰንጥቆ ያልፋል። የግቢው የመኪና ማቆሚያ የነበረ 12 ኤከር መሬት ለጌትስ ፋውንዴሽን ተሸጠ፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ በ2011 ተከፈተ። የልጆች መጫወቻ የነበረው ቦታ ላይ በ2012 የቺሁሊ የመስታወት ሙዚየም ተከፈተ። ያኔ ነዋሪው ተጨቃጭቋል። ግማሹ ሣርና ዛፍ ነው የምንፈልገው፣ ለቱሪስት ትኬት መሸጫ አይደለም አለ። ያሸነፈው ትኬቱ ነው። ከተማው ግን ኪራይ ይሰበስባል።

ያ መሬት ለከተማዋ ቀን ሲጎድል እንደሚወጣ የተቀመጠ ወርቅ ሆነላት። ከ1962 በፊት በርካሽ ተይዟል። በየዘመኑ የመጣው ባለገንዘብ መግባት ሲፈልግ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር መደራደር ነበረበት። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ተሸንሽኖ ቢሸጥ ኖሮ የ1960ዎቹ ሞቴልና የመኪና ማቆሚያ ይሞላው ነበር። ሌላ ምን ይሠራበት ነበር?

የሆቴልና የቱሪዝም ሥራውም ቀስ እያለ አደገ። ካርልሰን ራሱ ከፍ አለ፤ ዩናይትድ አየር መንገድ የሆቴል ድርጅቱን በ1970 ሲገዛው እሱን አየር መንገዱን እንዲመራ ወሰደው። ዛሬ ማማው፣ የመስታወቱ ሙዚየም፣ የሳይንስ ማዕከሉ በአንድ የእግር መንገድ ላይ ናቸው። ቱሪስት ሲያትል መጥቶ እዚያ ሳይደርስ አይመለስም።

ያንን ቱሪስት ከአየር ማረፊያው የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነው። በሲያትል ታክሲና ኡበር፣ በሆቴሎች፣ በፓርኪንግ የሚሠራው ሀበሻ ብዙ ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በስደተኝነት የመጡት ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን መጀመሪያ የሰፈሩት ለመሀል ከተማው ቅርብ በሆነው ሴንትራል ዲስትሪክት ነው፤ በቼሪ ጎዳና ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች የዚያ ዘመን ምልክት ናቸው። አሁን ኪራዩ አስወጥቷቸው ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ወርደዋል። ተክዊላ፣ ኬንት፣ ያችው ሬንተን። ኪራዩን ያናረው ቴክኖሎጂው እንጂ ኤግዚቢሽኑ አይደለም። ነገር ግን መሀል ከተማው ሲያምር ርካሹ ቤት ቀድሞ ይሄዳል፤ የዋረን አቬኑ ሰዎች ይህን በ1950ዎቹ መጨረሻ ቀምሰውታል።

ሌሎቹስ?

ኤክስፖው አተረፈ ወይስ ከሰረ የሚለው ጥያቄ ብዙ የሚያሳስት ይመስለኛል። ኒው ዮርክ በ1964ና 1965 ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ 51 ሚሊዮን ሰው ገባ። ከሲያትል አምስት እጥፍ። ከሰረ። ኒው ኦርሊንስ በ1984 ስታዘጋጅ ደግሞ ወደ 11 ሚሊዮን ጎብኚ ጠበቀች፤ የመጣው ከ7 ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። አዘጋጁ ድርጅት በሩ ሳይዘጋ ኪሳራ አወጀ። ውርደት ነበር። ግን ትልቁ የማሳያ አዳራሽ ለከተማው የስብሰባ ማዕከል ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የኒው ኦርሊንስ የስብሰባ ቱሪዝም የቆመው በእሱ ላይ ነው። ተጥለው የነበሩት የመጋዘን ሰፈሮችም ነፍስ ዘሩ። የከሰረ ኤግዚቢሽን ከተማውን ጠቀመ።

የስፔኗ ሴቪል በ1992 የተጠቀመችው ደግሞ በባቡሩ ነው። ከማድሪድ የሚመጣው የስፔን የመጀመሪያው ፈጣን ባቡር ለኤክስፖው ተብሎ ደረሰ። ኤክስፖው የተካሄደበት ደሴት ግን ከፊሉ ለዓመታት አረም በቅሎበት ኖሯል። ኢትዮጵያ በ1967 ሞንትሪያል ላይ የራሷ ፓቪሊዮን ነበራት፤ ንጉሠ ነገሥቱም ሄደው ጎብኝተዋል። በዱባዩም ኤክስፖ ተሳትፋለች። ተሳታፊ አገር ፓቪሊዮኑን አፍርሶ ይመለሳል። ሒሳቡ የሚቀረው ለአስተናጋጁ ነው።

ዱባይ ከሲያትል መጽሐፍ አንድ ገጽ ሳትገለብጥ አልቀረችም። ሜትሮውን እስከ ኤክስፖው ግቢ ዘረጋች። አብዛኛውን ሕንፃ አላፈረሰችም፤ ኤክስፖ ሲቲ ብላ ሰየመችው። በ2023 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ እዚያው ተካሄደ። ልዩነቱ ቦታው ነው። የሲያትሉ ግቢ ከመሀል ከተማ በሞኖሬል ሁለት ደቂቃ ነው፤ ሰው በእግሩም ይደርሳል። የዱባዩ በረሃው ውስጥ ነው፤ ከተማው ወደ እሱ እስኪያድግ መጠበቅ አለበት።

ሪያድም የመረጠችው ከከተማው ሰሜን፣ ከአዲሱ የኪንግ ሳልማን አየር ማረፊያ ግንባታ አጠገብ ነው። 6 ካሬ ኪሎ ሜትር፤ የሲያትሉን ሃያ እጥፍ። የሚመራው የመንግሥት የኢንቨስትመንት ፈንድ ያቋቋመው ኩባንያ ነው። መሬቱ፣ ገንዘቡ፣ ውሳኔው በአንድ እጅ ነው፤ ቦንድ የሚያጸድቅ መራጭም፣ ቁራሽ መሬት ፈልጎ የራሱን ገንዘብ የሚያስይዝ አምስት ሰውም የለም። ኤክስፖው ማርች 31 ቀን 2031 ሲዘጋ ግቢው ሱቅና ምግብ ቤት ያለበት ዓለም አቀፍ መንደር ይሆናል ተብሏል። የሲያትል ነጋዴዎች መጀመሪያ የፈሩት ከከተማ ውጪ ያለ የገበያ ማዕከል ነበር። ሪያድ ሰባት ሚሊዮን ሰው ያለባት ከተማ ናት፤ ገንዘብም አላት፤ ሊሳካላት ይችላል። እኔ ግን የማየው የጎብኚውን ቁጥር አይደለም። በ2024 መጨረሻ ሥራ የጀመረው የሪያድ ሜትሮ ከተራ ሠራተኛው ሰፈር ተነስቶ እዚያ ግቢ ድረስ ይደርሳል ወይ፣ ሲደርስስ እዚያ ቤት መከራየት የሚችለው ማን ነው የሚለውን ነው።